የኢንስፔክተሩ ረዳት አቤቱታ

በዓለም ላይ ግፍ ከተዋለባቸው ፍጥረቶች ሁሉ የፊተኛውን ወንበር መያዝ ያለበት የመርማሪ ጓደኛ ነው። ይህን የምለው በችኮላ አይደለም። መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት የወንጀል ልብ ወለዶች በእጄ ያላለፈ የለም፤ ሽፋናቸውን ከመለጠፌ በፊት ደግሞ አነባቸዋለሁ። በሁሉም ውስጥ አንድ ምስኪን ሰው አለ። ታሪኩን የሚተርክልን እሱ ነው። ዝናብ የሚመታው እሱ፣ አጥር የሚዘለው እሱ፣ ውሻ የሚያሯሩጠው እሱ ነው። መርማሪው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ይኼ ሰው ውጭ ቆሞ ይበርደዋል። መጨረሻ ላይ ክብሩን ማን ይወስዳል? መርማሪው። ለጓደኛው የሚተርፈው «አሁንም አልገባህም?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄውንም በገዛ እጁ ጽፎ ለእኛ ያቀርብልናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ነገሩ መጽሐፍ ውስጥ ቢቀር እችለው ነበር። ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መርማሪ አለ። እናንተም ጋ አለ፤ ቀና ብላችሁ ፈልጉት። መቀስ በጠፋ ቁጥር ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፣ ባልደረባው ፈቃድ ሲወጣ ምክንያቱን ሳይነገረው የሚያውቀው፣ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሰው ጫማ የሚያየው እሱ ነው። አጠገቡ ደግሞ ክንዱን የሚይዘው አንድ ሰው አያጣም። በእኛ ቤተ መጻሕፍት ያ ሰው እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም። ደብዳቤም አልተጻፈልኝም።

የእኛው መርማሪ የውሰት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ፖሊስ ሆነው አያውቁም፤ የፖሊስ ጣቢያ ደጅ የረገጡትም አንድ ጊዜ፣ መታወቂያቸው ጠፍቶባቸው ነው። «ኢንስፔክተር» የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ዘበኛችን ነው። እሱ ለቀልድ ብሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመት እንደተሰጠው ሰው በሙሉ ክብር ተቀበሉት። እነሆ ዛሬ ዳይሬክተሩም ሳይቀር «ኢንስፔክተር» ይላቸዋል።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሃያ ዓመት አለፈው። የጥራዝ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ዛሬ ጠዋት ከባለቤትህ ጋር አልተነጋገራችሁም» አሉኝ።

እውነት ነበር። ደንግጬ «በምን አወቁ?» አልኳቸው።

ኑሮዬን ያበላሸው ይህ ጥያቄ ነው። ፊታቸው ሲበራ አየሁት።

«የሸሚዝህን ቁልፍ አሳስተህ ቆልፈኸዋል። የምታናግርህ ሚስት ብትሆን ከበር ሳትወጣ ታስተካክልልህ ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲህ «በምን አወቁ?» ማለት የሥራ ግዴታዬ ሆነ። አንድ ነገር ይናገሩና ቅንድባቸውን ሰቅለው ይጠብቃሉ። ዝም ካልኩ አይሄዱም። አንድ ቀን ክር በጥርሴ ይዤ መጽሐፍ ስሰፋ መጥተው፣ አንባቢው ሁሉ እላይ ተሰልፎ እየጠበቃቸው፣ ክሩን ከአፌ አውጥቼ እስክጠይቃቸው ድረስ ቆመው ቀሩ። ይባስ ብለው ማስታወሻ ደብተር ገዙልኝ። ያዩትን፣ የጠረጠሩትን፣ የሰሙትን ሁሉ እኔ እጽፋለሁ። አስተያየት ለመስጠት ቀና ካልኩ፣ «አንተ ጻፍ፤ ማሰቡን ለእኔ ተወው» ይሉኛል።

ባለቤቴ ነገሩን ስነግራት፣ «አለቃህ ቢሆኑ እንኳ ይገባኝ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። አለቃዬ አይደሉም። ክፍላችን የተለያየ፣ ፎቃችን የተለያየ፣ ደመወዛችን ብቻ አንድ ነው።

ችሎታቸውን ለአንባቢ ለማሳየት የረጠቡትን ጋዜጦች ጉዳይ ላንሳ። ሁለተኛ ፎቅ በሚገኘው የንባብ አዳራሻችን መደርደሪያ ላይ ያሉ ጋዜጦች በየቀኑ ረጥበው ይገኙ ጀመር። ኢንስፔክተሩ ሁለት ቀን አሰቡና ውሳኔያቸውን አስታወቁኝ። ሥራ ፈላጊ ነው አሉ። የሥራ ማስታወቂያውን እሱ ካነበበ በኋላ ሌላ ሰው እንዳያነበው ውኃ ይደፋበታል። እንግዲህ ይህን ጨካኝ ለመያዝ ሦስት ቀን በተከታታይ የምሳ ሰዓቴን ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የመሰላል ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ምሳዬን የበሉት እሳቸው ናቸው፤ «የጎመን ሽታ ያስነቃብናል» ብለው። በሦስተኛው ቀን ደብተሬ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀች። ቀጥላ አንገቴ ላይ። ቀና ስል የጣሪያው ቧንቧ ፈነዳ።

እኔ እንደ ወንፊት እየፈሰስኩ ከመሰላሉ ስወርድ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። «ቧንቧ መሆኑን ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ያልነገርኩህ እንዳትዘናጋ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛውን ስለ ቧንቧ ሊያስተምሩት ሄዱ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲተራመስ ዋለ፤ ውኃው እንዳይደርስባቸው የተቆለፉት ክፍሎች ሳይቀሩ ተከፈቱ። የረጠቡትን ጋዜጦች በቡናማ ወረቀት እየጠቀለሉ ለማድረቅና ለመጠረዝ ወደ እኔ ክፍል፣ ወደ ምድር ቤት አወረዷቸው። ልብሴ ከላዬ ላይ ተጣብቆ፣ የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ ፈረምኩ።

ወደ ዋናው በደሌ ልምጣ። ከዚህ ሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ትልቁ አትላስ ጠፋ ተባለ።

ትልቁ አትላስ ሲዘረጋ የምግብ ጠረጴዛ ያለብሳል። አንድ የመሬት ቀያሽ ዕድሜ ልኩን በእጁ የሣለውና ያቀለመው፣ ቤተሰቡ ለቤተ መጻሕፍታችን የሰጠው ነው። የሚቀመጠው ከንባብ አዳራሹ ቀጥሎ ባለው፣ ሁልጊዜ በሚቆለፈው ክፍል፣ በሰፊ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዓርብ ዕለት የቀያሹ ልጅ፣ አሮጊት ሴት፣ ከሩቅ አገር ልታየው ትመጣለች። ዳይሬክተሩ ሊያዘጋጅ መሳቢያውን ሲስብ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ዳይሬክተራችን በዕድሜ ከሁላችንም ያንሳል፤ ሲደነግጥ ድምፁ ይቀጥናል። ሁላችንንም ኮሪደሩ ላይ ሰብስቦ፣ «የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው። አንዱ እኔ ነኝ» አለ። ሁለተኛዋን አልጠራም። ዓይናችን ሁሉ ግን ወደ እማማ ሄደ።

እማማ የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ከእኔ ቢበልጡ በአምስት ዓመት ነው፤ ግን ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆለፈውን ክፍል ከፍተው ይወለውላሉ። መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ያን የሚያህል መጽሐፍ ከሁለት ፎቅ አውርጄ የት ነው የማገባው?» አሉት ዳይሬክተሩን። «ቤቴ አንድ ክፍል ናት። አልጋዬንም በስንት መከራ ነው ያስገባሁት።»

ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ከሥራ እንደሚያግዳቸውና ለፖሊስ እንደሚያመለክት ተናገረ። እማማ ወለሉን እያዩ ቆሙ። አንድ ጊዜ ብቻ «ሰው ምን ይለኛል» አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው።

ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ኮታቸውን አስተካክለው ዳይሬክተሩን ተከትለው ቢሮው ገቡና በሩን ዘጉት። ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ረዳት ሥራው መቼም ውጭ መቆም ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ወጡ።

«እስከ ዓርብ ጠዋት ጊዜ ሰጥቶናል። እማማም ሥራቸው ላይ ይቆያሉ» አሉኝ።

«ሰጥቶናል» የምትለዋን አስተውሉልኝ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ ዕለት ምርመራው ተጀመረ። የመስኮቱን ስፋት በሲባጎ ለካሁ። የደረጃውን መታጠፊያ ለካሁ። አትላሱ በመስኮት እንደማያልፍ አረጋገጥን፤ ማለቴ እኔ በሆዴ ተኝቼ አረጋገጥኩ፣ እሳቸው «ጥሩ» አሉ። ቀጥሎ አትላሱን የሚያክል ጣውላ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አሸከሙኝ።

«ደረጃውን ወርደህ፣ በዋናው በር አልፈህ፣ ከግቢ ውጣ። ሰው ያይህ እንደሆነ እናያለን።»

«ቢይዙኝስ?»

«ቢይዙህ መልሱን አገኘን ማለት ነው።»

መልሱን አገኘን። ደረጃው ላይ ሁለት ተማሪዎች መንገድ ለቀው «እናግዝዎ?» አሉኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ሃያ ዓመት እንደማያውቀኝ ሰው አንገቴን አነቀኝና ጣውላውን አስወረደኝ። ኪሴን ፈተሸ። ካርታ ተሰረቀ በተባለ ማግስት ጣውላ ይዤ የምወጣበትን ምክንያት አስረዳ አለኝ። ኢንስፔክተሩ ከላይ በመስኮት ሆነው በትዕግሥት ይመለከቱ ነበር። አንገቴ ቀልቶ ወደ እሳቸው ስመለስ፣

«ቢያንስ ከእኔ ጋር ነው ሊሉት አይችሉም ነበር?» አልኳቸው።

«ብናገር ኖሮ ዘበኛው ደህና ዘበኛ መሆኑን በምን እናውቅ ነበር? አሁን ግን አወቅን። አትላሱ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ጻፍ።»

ጻፍኩ። እርሳሴ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኜ ጻፍኩ። ለማንም ባልናገርም ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ነገሩ ልክ ነበር።

ረቡዕ ከክፍል ክፍል ዞርን። የመጽሐፍ ማከማቻውን፣ የኮፒ ማሽኑን ክፍል፣ የዳይሬክተሩን ቁም ሳጥን ሳይቀር አየን። እማማ በሄድንበት ሁሉ መወልወያቸውን ይዘው በሩቁ ይከተሉናል፤ አይጠይቁም፣ ዝም ብለው ፊታችንን ያያሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ፊታቸው ከሳ። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አጠገባቸው ባዶ ሆኖ አየሁት። ሄጄ ልቀመጥ አሰብኩና ኢንስፔክተሩ ጠሩኝ። ሄድኩ። ያን ቀን ሄጄ አለመቀመጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማምሻውን ወደ ጥራዝ ክፍሌ ወረድን። «የርክክብ መዝገብህን አሳየኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ቆመው ገጽ በገጽ ገለጡ፤ አንዱ ገጽ ላይ ደርሰው ቆዩ። ከዚያ ጥግ ላይ የተከመሩትን የጋዜጣ ጥቅሎች አዩ። ከዚያ እኔን። እርሳሴን አሹዬ እየጠበቅኩ ነበር።

«ምን ልጻፍ?»

«ምንም። ዛሬ ይበቃናል። ወደ ቤትህ ሂድ።»

ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ምንም አትጻፍ ብለውኝ አያውቁም። ሐሙስ ጭራሽ አልጠሩኝም። ሁለት ጊዜ ወደ ፎቅ ወጥቼ አጠገባቸው ባልፍም የውሰት ካርድ እየደረደሩ ቀና አላሉም። ተናድጄ ምሳዬን ቤቴ ሄጄ በላሁ። ባለቤቴ «እንኳን ተገላገልክ» ስትለኝ እሷንም ተቆጣኋት።

ዓርብ ጠዋት አትላሱ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ዳይሬክተሩ ሰበሰበን። አትላሱ ጨርሶ አልተሰረቀም አለ። ቧንቧው የፈነዳ ዕለት የውሰት ክፍል ያለ ማስረከቢያ ወረቀት ከቦታው አንስቶ ከጋዜጣ ጋር ስላቀላቀለው የመጣ ስህተት ነው። የክፍሉ ኃላፊም ጥፋታቸውን በጽሑፍ አምነዋል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከኃላፊነታቸው ተነስተው ምድር ቤት የድሮ ጋዜጦች ክምችት ውስጥ ይሠራሉ። ኢንስፔክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተራ ሰው ከመሐላችን ቆመው ያዳምጣሉ። እማማ በሽርጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። የቀያሹ ልጅ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ አባቷ ያሰመረውን ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው በጣቷ ተከተለች። ሁሉም ሰው ደስ አለው።

ከእኔ በስተቀር። አስቡት እስኪ። በሆዴ የተኛሁት እኔ፣ አንገቴን የታነቅኩት እኔ፣ አርባ አንድ ገጽ የጻፍኩት እኔ፣ መጨረሻውን ግን ከሌላው ሠራተኛ ጋር ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። ቀጥ ብዬ ወደ ኢንስፔክተሩ ሄድኩ። መሳቢያቸውን ባዶ እያደረጉ ነበር።

«የት ነበር?» አልኳቸው።

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ወንድሜ።»

«ደብተሬ አልተዘጋም። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው።»

«ባዶ ይሁን። ምን ያደርግልሃል?»

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። «እኔ እንደ ሞኝ ጣውላ ተሸክሜ ስዞር፣ ለካ ስንፈልግ የቆየነው የእርስዎን ክፍል ዝርክርክነት ነው» አልኳቸው። «እማማ አራት ቀን ያለቀሱት በእርስዎ ጥፋት ነው። ሌላውን ሰው ከጫማው እስከ ቁልፉ ከሚመረምሩ ጠረጴዛዎን ቢመረምሩ ይሻል ነበር።»

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ላይም አልፈለግኩም።

«ልክ ነህ» አሉና ካርዶቻቸውን ካርቶን ውስጥ መደርደር ቀጠሉ።

እንዳሸነፈ ሰው ወጣሁ። ቅዳሜና እሑድን ደረቴን ነፍቼ አሳለፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ሙጫ እያሞቅኩ እማማ ወደ ክፍሌ ገቡ። በሩን ዘጉ። ከሽርጣቸው ኪስ አራት ቁራጭ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ገጣጠሟቸው።

«ኢንስፔክተሩ ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጥለውት ነው ያገኘሁት። የተቀደደ ወረቀት ሳላይ አልጥልም» አሉኝ። «እንዳልናገር አስምለውኛል። ግን ያን ካርቶን ተሸክመው ምድር ቤት ሲወርዱ ዛሬ አየኋቸውና አላስቻለኝም።»

ማስረከቢያ ወረቀት ነው። ቧንቧው የፈነዳ ቀን የተጻፈ። የጻፈችው የውሰት ክፍሏ ጸሐፊ ናት፤ አሁን በወሊድ ፈቃድ ላይ ነች። «ሃያ ሁለት ጥቅል የረጠበ ጋዜጣ። አንድ አትላስ፣ ጀርባው የተላቀቀ፣ ለጥገና» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

መዝገቤን ገለጥኩ። በእጄ ጽሑፍ «ሃያ ሦስት ጥቅል ጋዜጣ ተረክቤአለሁ» ይላል። ወረቀቱ የተሰካበት መርፌ ብቻውን ቀርቷል። ሳላነብ ፈርሜ፣ ሳላይ ደምሬ፣ አትላሱን ሁለት ወር ሙሉ ከጋዜጣ ሥር ቀብሬው ኖሬያለሁ።

«ሐሙስ አንተ ለምሳ ስትሄድ አብረን ነው ያወጣነው» አሉ እማማ። «‹ይኼ ሰው ዘንድሮ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ሦስተኛው ያስባርረዋል› አሉኝ። ‹ቢያውቅ ደግሞ ሮጦ ሄዶ ይናገራል፤ አውቀዋለሁ› አሉኝ።»

ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች እውነት ናቸው። አንዱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ከዶሮ እርባታ መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ ሰፍቼ ነው። ሁለተኛው የዳይሬክተሩን ዓመታዊ ሪፖርት ገልብጬ ስለ ጠረዝኩት ነው።

እማማን ሰው ሁሉ የሸሻቸው እኔ ባደረግኩት ነገር ነው። ከወንበሬ ወርጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተው፣ ተነስ። ሆን ብለህ አይደለም። እኔስ ቢሆን አራት ቀን ነው፣ አለፈ። አንተ ሦስት ልጆች አሉህ። እኔ የመጣሁት ስለ እሳቸው ነው።»

ቁራጮቹን ለጥፌ ቀጥታ ዳይሬክተሩ ጋ ወጣሁ። ሙጫ ላይ መቼም ጎበዝ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይኸው ፊርማዬ አልኩት። ኢንስፔክተሩን አስጠራ። መጡ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን በቁጣ አዩኝ።

«ይህ ወረቀት ጉዳዩን አይለውጥም። የእኔ ክፍል ወረቀቱን ጻፈ እንጂ አልተከታተለም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሲፈርም ውኃ ይወርድበት ነበር። መሰላል ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በዚህ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል አንድ ሰው ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ዛሬ ሁለት መጣችሁብኝ» አለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና ወደ እኔ ገፋው። «ይኼን አይተኸዋል?»

የኢንስፔክተሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰኞ ዕለት፣ በሩን ዘግተው በቆዩባት አሥር ደቂቃ የጻፉት። ለእማማ ዋስ እሆናለሁ ይላል። አትላሱ እስከ ዓርብ ባይገኝ፣ በእሳቸው ፈንታ እኔ ከሥራዬ እሰናበታለሁ። ፊርማ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ለእኔ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ «የመጨረሻ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረባት፤ ግን አላባረረኝም። ኢንስፔክተሩ ምድር ቤት ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ምክንያት ቢቀርም ማስረጃ መቅደድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እንደገና ሰበሰበንና፣ እዚያው በጠረጠራቸው ቦታ፣ በቀጠነ ድምፅ እማማን ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ቀጥዬ ጠየቅኩ። ስማቸው በሰው ፊት እንደጠፋ በሰው ፊት ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳዬን የምበላው አግዳሚ ወንበሩ ላይ እሳቸው አጠገብ ነው።

ኢንስፔክተሩ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። «የተዘጋ ጉዳይ የሚከፍት ረዳት ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ። ካወጡኝ ገደል መልሼ ስለገባሁ ነው ቁጣቸው። እኔም ቁጣዬ አልበረደም ነበር። ሰው ያለ ፈቃዱ ይታደጉታል? ይህን ያህል ነገር ከረዳት ይደበቃል? ስለ ራሴ ጥፋት ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም?

ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። የድሮ ጋዜጦች ክምችትና የእኔ ጥራዝ ክፍል በአንድ ቀጭን የኮምፖልሳቶ ግድግዳ ብቻ የተለያዩ ናቸው። ድሮ ከላይኛው ፎቅ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወርዱብኝ ሰው አሁን በየሰዓቱ ብቅ ይላሉ። ኩርፊያው ባለቀ ማግስት ወንበራቸውን ይዘው ገቡና ከመጽሐፍ መጭመቂያዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሙጫ እያማሰልኩ ነበር። ለብዙ ቀን ያሰብኩትን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው።

«ያን ሰኞ ዋስ ሲሆኑ አትላሱ የት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ጠርጥረው ነበር?»

«ምንም አልጠረጠርኩም። ባዶ ነበርኩ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «እንዲያውም ፈርቼ ነበር። ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊርማዬን ብታየው ያስታውቃል።»

«ታዲያ ምኑን ተማምነው ፈረሙ?»

ጥያቄው የገረማቸው ይመስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ውጭ ቆመህ እየጠበቅከኝ ነበራ» አሉ።

ለሃያ ዓመት ካጠራቀምኩት አቤቱታ አንዱም ትዝ አላለኝም። ጎንበስ ብዬ ድስቱን አማሰልኩ፤ ደግሜ አማሰልኩ። ቀና ስል ዓይኔን እያዩኝ ነበር። የሰው ዓይን ለምን እንደቀላ ከሚስቱ በፊት የሚያውቁ ሰውዬ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ሙጫው ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ይኼ ሙጫ ዓይን ያቃጥላል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሳይመረምሩ ያመኑኝ ያን ቀን ብቻ ነው።